ግብር የበላና ግብር የከፈለ

«ግብር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ገበሬው ከአውድማው፣ ሲራራ ነጋዴው ከኬላው የሚከፍለው ግብር ይባላል፤ ንጉሥ ወይም መኳንንት አዳራሹን ከፍቶ ሠራዊቱን የሚያበላበት ድግስም ግብር ይባላል። አንዱ ይገበራል፣ ሌላው ይበላል። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራው ሕዝብ ቃል አጥሮት አልነበረም። በአዳራሹ የሚቆረሰው እንጀራና የሚቆረጠው ሥጋ አስቀድሞ ከአንድ ሰው ጎተራና በረት የወጣ መሆኑን በሚገባ ያውቅ ስለ ነበር፣ ከፋዩንና በሊታውን በአንድ ገመድ አስሮ አስቀመጣቸው። «ገበሬ» የሚለው ስም ራሱ የዚያው የ«ገበረ» ዘመድ ነው።

ዛሬ ይህን ገመድ የሚበጥስ ልማድ በከተሞች እየተስፋፋ ነው። ልማዱ «የዘመን ገበታ» ሊባል ይችላል። አንድ ምግብ ቤት አንድ የታሪክ ዘመን ወይም አንድ የብሔረሰብ ባህል ይመርጣል፤ ግድግዳውን በነገሥታት ሥዕል፣ በጋሻና በጦር ያስጌጣል፤ አሳላፊዎቹን የጥንት ልብስ ያለብሳል፤ የምግቡን ዝርዝር በቤተ መንግሥት ቃላት ያሸበርቃል፤ ከዚያም ተመጋቢውን በአንድ ምሽት ወደ አያቶቹ ዘመን መልሶት እንደ ሆነ አድርጎ ሒሳቡን ያቀርባል። ምግቡ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም መልካም ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ታሪክ ተብሎ የሚሸጠው ነገር በእርግጥ ታሪክ ነውን? ከሆነስ የማን ታሪክ ነው?

ልማዱ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ሄስተን ብሉመንታል የተባለው ስመ ጥር ወጥ ሠሪ ለንደን ላይ የከፈተው ምግብ ቤት በዝርዝሩ ከእያንዳንዱ ምግብ አጠገብ ምግቡ የተወሰደበትን ዘመን በቁጥር ይጽፋል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ «ኔክስት» የተባለ ምግብ ቤት ሲከፈት የመጀመሪያ ገበታው እ.ኤ.አ. የ1906 ፓሪስ ነበር፤ የታላቁ ወጥ ሠሪ የኤስኮፊዬ ምግቦች እንደ ገና ተሠርተው ቀረቡ። እነዚህ ባለሙያዎች ቢያንስ ለዘመን ቁጥር ክብር አላቸው፤ መዝገብ አገላብጠዋል። ሆኖም የ1906 ፓሪስ ሲባል የፓሪስ የሀብታም ሆቴል ማለት ነው እንጂ፣ ለዚያ ሆቴል ምድጃ ከሰል የተሸከመው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የቀመሰው ሾርባ አይደለም። አንድ ከተማ በአንድ ዓመት ብዙ ገበታ አለው፤ የሚመረጠው ግን የጌታው ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ልማዱ የራሱን መልክ ይዟል። በአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች መሶቡ ይቀርባል፣ ጠጁ በብርሌ ይቀዳል፤ በመድረኩ ላይ የጎጃሙ፣ የጉራጌው፣ የወላይታው፣ የትግራዩ፣ የኦሮሞው ጭፈራ እየተፈራረቀ ያልፋል። ጭፈራው ዐሥር ዓይነት ሲሆን መሶቡ ውስጥ ያለው ግን በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነው፤ የደጋው የበዓል ምግብ። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ «ገበታ ለሸገር» በተባለው የገቢ ማሰባሰቢያ እራት፣ አፄ ምኒልክ ግብር ያበሉበት በነበረው የቤተ መንግሥት አዳራሽ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ወጣለት። ገንዘቡ ለአዲስ አበባ የወንዞች ዳርቻ ልማት የታሰበ ነበር፤ ግቢውም በመስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። የአዳራሹ መታደስ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ሕዝብ የነገሥታቱን ቤት በዓይኑ ማየት መብቱ ነውና። ነገር ግን ያ ምሽት አንድ ነገር ገልጦ አሳይቷል፤ የ«ግብር» ቃል ሁለተኛ ፊት ከአዳራሹ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ጥንት በዚያ ቦታ ግብር የሚበላው ወታደር ለመቀመጫው ገንዘብ አይከፍልም ነበር፤ የከፈለለት ሌላ ሰው ነበረና። ያ ከፋይ ያን ጊዜም አልተጋበዘም፤ ዛሬም አልተነሣም።

ከሁሉ በፊት ስለ ዘመን ቁጥር መነጋገር ተገቢ ነው። ታሪክን በሳህን ለማቅረብ የሚነሣ ሰው ቢያንስ የሳህኑን ዕድሜ ማወቅ ይኖርበታል። ለምሳሌ አንድ ቤት «የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ገበታ» ብሎ ቀይ የዶሮ ወጥ ቢያቀርብ ውሸት ያቀርባል። በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ ውቅያኖሱን የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1492 ሲሆን ያን ጊዜ ንጉሡ ካረፉ 24 ዓመት አልፏል። በቆሎም፣ ቲማቲምም፣ ድንችም የዚያው የሩቅ ምድር ልጆች ናቸው። ድንችን ወደ ኢትዮጵያ በማስገባት ስሙ የሚነሣው ጀርመናዊው ሺምፐር የኖረው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። እነዚህ ተክሎች ዛሬ የሀገር ልጅ ሆነዋል፤ ማንም ከመሶብ ሊያወጣቸው አይገባም። ይሁን እንጂ ያልኖሩበትን ዘመን ካባ ማልበስ ለእነርሱም ለዘመኑም ክብር አይሆንም።

የባሰው የቡና ነገር ነው። በዘመን ገበታ መጨረሻ፣ የየትኛውም ንጉሥ ዘመን ይሁን፣ ነጭ ልብስ የለበሰች ልጅ ቄጠማ ጎዝጉዛ ረከቦቷን ትዘረጋለች። ዳሩ ግን በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ማለት ነው፣ ቡና በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ «የእስላም መጠጥ» እየተባለ ይወገዝ ነበር። ለክርስቲያኑ ደጋ ነውሩ እየቀለለ የመጣው ወደ 19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ቡና የት ይጠጣ ነበር? ከአንኮበር ግርጌ፣ በይፋት፣ በአርጎባው ነጋዴና በሸማኔው ቤት ይጠጣ ነበር። ዛሬ መላ ኢትዮጵያ የእኔ የሚለው ሥርዓት ያን ጊዜ የቆላው ሙስሊም ሥርዓት ነበር። የዘመን ገበታ አዘጋጆች ፍንጃሉን ወስደው ቤቱን ረሱ።

አንኮበር ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ዛሬ የጎብኚዎች ማረፊያ ሎጅ ተሠርቶበታል። ከዚያ ከፍታ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ገደሉ እየተንሸራተተ ወርዶ፣ ሙቀት ካጠገበው የይፋት ቆላ ጋር ሲገናኝ፣ ከዚያም ወዲያ የአፋር ምድር ሲዘረጋ ያያል። በአውራ ጎዳናውም በኩል ነገሩ እንዲሁ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ከብርድና ከጉም ይሰናበታል፤ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ወርዶ ከ220 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካባውን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። ከገብስ ሀገር ወጥቶ ማሽላ ሀገር ገብቷል። በአውቶቡሱ መስኮት ማንጎና ፓፓያ ይቀርብለታል፤ የቀወት ገበሬ በመስኖ ያለማው ሽንኩርትና ቲማቲም በጭነት መኪና ተሞልቶ ወደመጣበት ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ይወጣል።

ይህ ቆላ የራሱ ዘመን፣ የራሱም ገበታ ነበረው። በ14ኛው መቶ ዓመት አል ዑመሪ የተባለው የደማስቆ ተወላጅ ጸሐፊ ስለ ኢትዮጵያ የሙስሊም መንግሥታት ከመንገደኞች የሰማውን ሲመዘግብ፣ የይፋትን ሱልጣኔት ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣል። ምድሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ የሚያገኝና ሁለት ጊዜ የሚታጨድ መሆኑን፣ ስንዴና ማሽላ የሚበቅልበት መሆኑን፣ ሙዝ፣ ሎሚና ሸንኮራ አገዳ የማይጠፋበት መሆኑን ጽፏል። ጤፍንም በስሙ ጠቅሶ ፍሬው እንደ ሰናፍጭ ያነሰ እህል ነው ይላል፤ ስለዚህች የኢትዮጵያ እህል በጽሑፍ ከቀሩት ጥንታውያን ምስክርነቶች አንዱ ይህ ነው። የጫትን ቅጠልም አልዘነጋም። የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው የዚህ ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ፣ ኖራ፣ አስበሪ፣ ማሳል የተባሉት የድንጋይ ቤቶችና መስጊዶች፣ ከገደሉ ሥር በሚገኙት ተረተሮች ላይ አሁንም ይታያሉ፤ አርኪዮሎጂስቶችም በቅርብ ዐሥርት ዓመታት አጥንተዋቸዋል።

ታዲያ የዘመን ገበታ ነጋዴዎች ይህን ዘመን እንዴት ሳያዩት አለፉ? ለመሆኑ ጤፍ በስሟ ከተመዘገበችበት ከይፋት የበለጠ ለ«ጥንታዊ ገበታ» የተገባ ቦታ ከወዴት ይገኛል? ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በእነርሱ አእምሮ ታሪክ ማለት አዳራሽ ነው፤ አዳራሽ ማለት ደጋ ነው፤ ደጋ ማለት ዘውድ ነው። ቆላው በዚህ ሥዕል ውስጥ ወይ የጦር ሜዳ፣ ወይ የወባ ሀገር፣ ወይ መኪና ቆሞ ምሳ የሚበላበት ጣቢያ ሆኖ ይገባል። ባለ ገበታ ሆኖ አይገባም።

ይህ ሆኖ ሳለ የአዳራሹ ግብር ያለ ቆላው አይቆምም ነበር። በሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ወደ ንጉሡ ከተማ የሚወጣው በዓሊዩ አምባ በኩል ነበር። ጨው፣ ቡናና ጨርቅ በዚያ ገበያ አልፎ፣ የሚገባው ቀረጥ ተነሥቶለት ሽቅብ ይጓዛል። ከዚያው አቅራቢያ ዓብዱል ረሱል በተባለው መንደር ሰው ራሱ የሚሸጥበት ገበያ ነበር። በአንኮበር ቤተ መንግሥት ወፍጮ ላይ ተንበርክከው እህል የሚፈጩት፣ ጠጅና ጠላ የሚጥሉት፣ እንጨትና ውሃ የሚያመላልሱት ሴቶች ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። አንድ የዘመን ገበታ የብርሌውን አንገትና የቀንዱን ዋንጫ ቅርጽ በጥንቃቄ ይቀዳል። ወፍጮውን ግን ካመጣውም የሚያመጣው ለማእዘን ጌጥ ነው፤ በላዩም የአበባ ማሰሮ ያስቀምጥበታል።

የግብሩ ሥርዓት ራሱ ተውኔት ነበር። መጋረጃ ተጋርዶ ንጉሠ ነገሥቱ ከታላላቆቹ ጋር ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፤ ሹማምንቱ፣ ቀጥሎም ወታደሩ፣ እንደየማዕረጉ ተራ በተራ እየገባ ይበላል። ማን ከማን ቀድሞ እንደ ተቀመጠ፣ ማን ከየትኛው ብልት እንደ ደረሰው፣ ማን ቆሞ እንደ ጠበቀ ሁሉም ትርጉም ነበረው። ሥልጣን በዓይን የሚታየው በዚያ ነበር። ይህን ሁሉ አውልቆ ጥሎ ቁርጥ ሥጋውን ብቻ ማቅረብ፣ ከአንድ ተውኔት ጠቡን፣ ፍርሃቱንና ምኞቱን ሰርዞ አልባሳቱን ብቻ በመድረክ ላይ እንደ መስቀል ነው። ተመልካቹ ጨርቅ ያያል፤ ሰው አያይም።

ከግብሩም ይልቅ የሚደበቀው ረሃቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ታላቅ ድግስ በዜና መዋዕል ተጽፎ ቆይቷል። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ድግስ የኢትዮጵያ «ብሔራዊ ገበታ» የተወለደበት ቀን አድርጎ እስከ መቁጠር ይደርሳል። ልደቱ በተከበረ በዓመቱ ግን ከባሕር ጠረፍ የተነሣው የከብት በሽታ የሀገሪቱን በሬ ፈጀ፤ ቀጥሎም «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ መጣ፤ እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ድረስም ምድሪቱን አራቆተ። አርሶ የሚያበላ በሬ አልነበረምና ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ጣሩ። የዚያ ዘመን እውነተኛ ገበታ እንግዲህ የትኛው ነው? የእንጦጦው ድግስ ብቻ ነውን? ዶማውስ? በክፉ ቀን ሰው ቆፍሮ የበላው ሥራ ሥርና ለቅሞ የቀቀለው ቅጠልስ የማን ዘመን ምግብ ነበር?

ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ብቻ አይደለም። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያን ማታ ሀገሪቱ የግብርን ሁለት ፊት ጎን ለጎን አየች። ከዐሥር ዓመት በኋላም፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ድግስን ኰንኖ ሥልጣን የያዘው መንግሥት የዐሥረኛ ዓመት በዓሉን በአዲስ አበባ በድምቀት ሲያከብር በሰሜን ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። ዘውድም ይሁን ቀይ ባንዲራ፣ ድግሱ የከፋዩን ስም በረሳ ቁጥር ውጤቱ አንድ ሆነ። «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለው የሀገር አባባል ተመክሮ ነው።

በዚህ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሰው ምግብ ቤት የሚሄደው ሊበላና ሊደሰት ነው፤ ለቅሶ ሊደርስ አይደለም ይባላል። ደግሞም የባህል ምግብ ቤቶች ለአዝማሪው፣ ለተወዛዋዡ፣ ለሸማኔውና ለወጥ ሠሪዋ እንጀራ ከፍተዋል፤ የውጭውን እንግዳ ከሀገሩ ምግብ ጋር አስተዋውቀዋል፤ ወጣቱ ከፒዛና ከበርገር ሌላ የራሱ ነገር እንዳለው አሳይተዋል ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ መካድም አይገባም። ማንም ከጠጁ ጋር እንባ ይቀዳ አላለም። ነገር ግን ደስታና ዕውቀት ተጣልተው አያውቁም። የሀገር ሽማግሌ በሠርግ ላይ ተቀምጦ ስለ ክፉ ቀን ሲያወራ ሠርጉ አይደፈርስም፤ እንዲያውም ያ ወግ እንጀራውን ያጣፍጠዋል። በሀገሩ ልማድ ማዕድ ሳይባረክ አይቆረስም፤ ምርቃቱም ያረሰውን፣ የፈጨውን፣ ያበሰለውን እጅ ያነሣል። የዘመን ገበታ ከዚህ ያነሰ እንዳያደርግ የሚጠየቅ ካልሆነ ራሱን የባህል ቤት ብሎ ለምን ይጠራል?

ወደ ይፋት ሲመለሱ የጉዳዩ ክብደት ይበልጥ ይታያል። እዚያ የሚጠፋው የተረት ነገር አይደለም፤ ዘር ነው። የማሽላ ገበሬ ለዘሮቹ የሚያወጣላቸው ስም ከየትኛውም ሆቴል የምግብ ዝርዝር የተሻለ ነው። በሰሜን ምሥራቅ ቆላ «ወተት በጉንጬ» የሚባል ማሽላ አለ፤ «ማር ጩቄ» የሚባልም አለ። እነዚህ በእሸትነታቸው ተጠብሰው ሲበሉ ስማቸው ውሸት እንዳልሆነ ምላስ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች የዓለምን የማሽላ ዝርያዎች በሺህ እየቆጠሩ ሲመረምሩ፣ ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ከሁሉ በልጠው የተገኙት ከይፋት ጎረቤት ከወሎ የተሰበሰቡ ሁለት የኢትዮጵያ ማሽሎች ነበሩ። ገበሬው በአፉ ያወቀውን ላቦራቶሪው በቁጥር አረጋገጠ። እንዲህ ያለውን ዘር ከገበሬው ጋር ሆኖ ለመጠበቅ የደከሙት ዶክተር መላኩ ወረደም በ1982 ዓ.ም. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሆኖም ረጅም ጊዜ ወስዶ የሚደርሰው የአያት ማሽላ በሚያዝያ ዝናብ የሚዘራ ነው። የበልጉ ዝናብ እየከዳ ሲሄድ ገበሬው ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ለመዝራት ይገደዳል። ማሾም ገበያ አግኝቶ ወደ ውጭ ሀገር ይላካል፤ ማሳውንም ይሻማል። በዚህ ገበሬው አይወቀስም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት። የሚወቀሰው ማሽላን የድኻ እህል ብሎ ከእንግዳ ፊት ያራቀው የከተማ ኩራት ነው። በሸዋ ሮቢት ጭምር መንገደኛ ሲወርድ የሚቀርብለት የነጭ ጤፍ እንጀራ፣ ጥብስና ፓስታ ነው፤ የሀገሩ እንጀራ ከጓዳ አይወጣም። በጥቅምትና በኅዳር ሕፃናት በማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ ከግሪሳ ወፍ ጋር ሲዋጉ የሚውሉለት እህል፣ ከሜዳው ጥቂት ርምጃ ርቆ በሚገኘው ምግብ ቤት ስም የለውም። አንድ እህል ከክብር ገበታ ሲወርድ ከማሳም ለመውረድ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሌላም የሚማሩት ነገር አለ። የከተማው የባህል ቤት «ብዙ ባህሎች በአንድ ትሪ» እያለ ይኩራራል። ይፋት ግን ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አማራና አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ምድር እንደ መሆኑ፣ አብሮ መብላትን በሌላ ጥበብ ይዞታል። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን ከብት ሙስሊም ያርደዋል፤ ድስቱ ይለያል፣ ወጥ ሠሪዋ ትለያለች፣ ዳሱ ግን አንድ ነው። ሙስሊሙም ሲደግስ እንደዚሁ ያደርጋል። ሁለት ድስት መጣዱ መራራቅ መስሎ የሚታየው ለማያውቀው ሰው ነው። በእርግጥ ግን «አንተ የማትበላውን አላስበላህም፤ ሳትበላም አትሄድም» የሚል ታላቅ አክብሮት አለበት። ሁሉን በአንድ ትሪ የሚደባልቅ የከተማ ገበታ ይህን የመሰለ ረቂቅ ነገር አላሰበውም።

ይህ ጥበብ ደግሞ ሊሰበር የሚችል መሆኑ በቅርቡ ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. በአካባቢው በተነሣው ግጭት አጣዬ በእሳት ወደመች፤ ሸዋ ሮቢትም ከጉዳቱ አልተረፈችም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ራሱ ከተማዋ ገባ። ገበያ የሚያገናኛቸው ሰዎች እርስ በርስ ተፈራርተው የሸሹባቸው ቀናት ነበሩ። እንግዲህ ስለ ይፋት ገበታ መጻፍና ማሰብ የምግብ አምሮት ነገር አይደለም። ሁለቱ ድስቶች በአንድ ዳስ ሥር እንደ ገና ጎን ለጎን ይጣዱ ዘንድ፣ ቀድሞም ይጣዱ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። የማይታወስ ነገር ሲጠፋ የሚያለቅስለት የለም።

ስለዚህ የዘመን ገበታ ለሚያሰናዱ ሁሉ የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ዘመን ከጠሩ ዘመኑን ያክብሩ፤ በርበሬ ባልነበረበት በርበሬ አይጨምሩ፣ ቡና በተወገዘበት ዘመን ቡና ካቀረቡ መወገዙንና የጠበቁትን ሰዎች ይናገሩ። ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ ላይ ከንጉሡ ስም ጎን እህሉ የበቀለበትን ወረዳና የማሽላውን ስም ይጻፉ፤ ከቀወት የመጣ ሽንኩርት ከቀወት መምጣቱ ይታወቅ። ሦስተኛ፣ ወጥ ሠሪዋ ከጓዳ ወጥታ የሙያ ስሟ ይጠራ፤ የመድረኩ ጥበበኛም ከንጉሡ ፉከራ ጋር የወፍጮ ላይ እንጉርጉሮን ያሰማ። አራተኛ፣ ከድግሱ አጠገብ ለክፉ ቀን ምግብም አንዲት ቁራሽ ቦታ ይተውላት፤ ልጆች «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ አባቶችም ይመልሱ። በሸዋ ሮቢት ያሉ ምግብ ቤቶችም ለመንገደኛው የሸገርን ቅጂ ከማቅረብ ይልቅ በእሸት ወራት «ወተት በጉንጬን» በሳህን ቢያወጡለት፣ መንገደኛው የት እንደ ደረሰ ያን ጊዜ ያውቃል።

የጥንቱ ሕዝብ «ግብር» በሚለው አንድ ቃል ከፋዩንና በሊታውን አስተሳስሮ አቆይቷል። ይህን ቃል ሙሉውን የሚያቀርብ ቤት ሲገኝ፣ ያ ቤት በእውነት የታሪክ ገበታ ዘርግቷል፤ ሊደገፍም ሊመሰገንም ይገባዋል። ግማሹን ብቻ የሚያቀርብ ግን በዝርዝሩ ራስጌ ላይ «እራት» ብሎ ይጻፍ፤ ሒሳቡንም ይቀበል። «ታሪክ» የሚለውን ቃል ግን ለከፈሉት ይተውላቸው።